የብሪታኒያው «ኦፕን» የጎልፍ ውድድር፦ የሻምፒዮኖቹ ቆጠራ ከየት ይጀምራል?

ሰብለ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር «ኦፕን» የተባለውን የብሪታኒያ የጎልፍ ውድድር በቴሌቪዥን እከታተላለሁ። ስለ ጨዋታው ሕግ መጠነኛ ግንዛቤ አለኝ፤ ታሪኩን በተመለከተ ግን እርስ በርሱ የማይገጥም የመሰለኝ ነገር ስላለ የምታውቁ እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

ውድድሩ በ1860 እንደተጀመረ ይነገራል፤ ለአሸናፊው በሚሰጠው የብር ዋንጫ ላይ በመጀመሪያ የተቀረጸው ስም ግን የ1872 አሸናፊ ነው። በሌላ በኩል በ2025 ስኮቲ ሼፍለር በሰሜን አየርላንድ፣ በሮያል ፖርትረሽ ሜዳ ሲያሸንፍ ውድድሩ 153ኛው ነበር፤ ከ1860 ጀምሮ ሳይቋረጥ በየዓመቱ ተካሂዶ ቢሆን ኖሮ ግን 166ኛው መሆን ነበረበት። አሥራ ሦስቱ ዓመታት የት ገቡ? ከ1872 በፊት ያሸነፉትስ ከሻምፒዮኖቹ ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም? በተጨማሪም ሃሪ ቫርደን ስድስት ጊዜ አሸንፎ እስካሁን የሚስተካከለው እንዳልተገኘ አንብቤአለሁ። እነዚያን የጥንት ሰዎች ከዛሬዎቹ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ዘውዱ፦

እህት ሰብለ፣ ቀላሉ የዓመቶቹ ሂሳብ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከ1915 እስከ 1919 አምስት ጊዜ፣ በሁለተኛው ምክንያት ከ1940 እስከ 1945 ስድስት ጊዜ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ደግሞ በ2020 አንድ ጊዜ ውድድሩ ሳይካሄድ ቀርቷል። ይህ አሥራ ሁለት ይሆናል። አሥራ ሦስተኛው 1871 ነው። ስለ ዋንጫው የጠየቁትም ከዚያው ዓመት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

አለን ሮበርትሰን የተባለው የሴንት አንድሩስ ሰው በዘመኑ ተወዳዳሪ የሌለው ጎልፍ ተጫዋች እንደሆነ ይታመን ነበር። እሱ በ1859 ሲሞት ቦታውን የሚወርሰው ማን እንደሆነ ለመለየት፣ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚገኘው የፕሬስትዊክ ክለብ ባለሙያ ተጫዋቾችን ለግጥሚያ ጠራ። ጥቅምት 17 ቀን 1860 የተገኙት ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሜዳው አሥራ ሁለት ጉድጓድ ስለነበረው በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ በጠቅላላው 36 ጉድጓድ ማለት ነው። የመስልበራው ዊሊ ፓርክ በ174 ምት ጨርሶ፣ ከቶም ሞሪስ ሁለት ምት ባነሰ አሸነፈ፤ ሜዳውን የቀየሰውም የሚንከባከበውም ሞሪስ ራሱ ስለነበር በገዛ ግቢው ተሸነፈ ማለት ይቻላል። ሞሪስ ግን አልቆየም፤ በ1861፣ በ1862፣ በ1864 እና በ1867 አሸነፈ። የመጨረሻውን ድል ሲያገኝ ዕድሜው 46 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ዕድሜ ይህን ውድድር ያሸነፈ ሰው የለም።

በመጀመሪያው ዓመት ለአሸናፊው የተሰጠው ሽልማት ገንዘብም ዋንጫም አልነበረም። ከቀይ ለፋ ቆዳ የተሠራና ሰፊ የብር ዘለበት ያለው ቀበቶ ነበር። አሸናፊው እስከሚቀጥለው ውድድር ድረስ ይዞት ይቆይና ይመልሳል፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ግን ለዘለዓለም የራሱ ያደርገዋል ተብሎ ተደነገገ። ይህን ደንብ የጻፉት ሰዎች እንዲህ ያለ ሰው በቶሎ ይመጣል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

መጣ፤ የመጣውም ከዚያው ከሞሪስ ቤት ነው። ልጁ ቶም ሞሪስ በ1868 ገና በ17 ዓመቱ አባቱን ተክቶ ሻምፒዮን ሆነ፤ እስከ ዛሬ ከእሱ ያነሰ ዕድሜ ያለው አሸናፊ የለም። በ1869 ደገመው። በ1870 ያደረገውን ለመረዳት የመጀመሪያውን ጉድጓድ ብቻ ማየት ይበቃል። ከመነሻው እስከ ጉድጓዱ 578 ያርድ፣ ማለትም ከ528 ሜትር በላይ ነበር። በእጁ የነበረው ዘንጉ እንጨት የሆነ ዱላ ነበር፤ ኳሱም ከጉታ ፐርቻ ዛፍ ሙጫ የተሠራ ጠንካራ ኳስ ነበር። ያንን ርቀት በሦስት ምት ጨርሶ ኳሱን ጉድጓድ ከተተ። 36ቱን ጉድጓድ በ149 ምት ፈጽሞ ተከታዮቹን በ12 ምት አራቀ፤ ቀበቶውንም እንደ ደንቡ ወስዶ ቤቱ ገባ።

ለመወዳደሪያ የሚሆን ሽልማት ስላልቀረ በ1871 ውድድር አልተደረገም። በኋላ ፕሬስትዊክ፣ የሴንት አንድሩሱ ሮያል ኤንድ ኤንሸንት ክለብ እና የኤድንበራው የተከበሩ ጎልፈኞች ማኅበር ውድድሩን በየተራ ለማስተናገድ ተስማምተው እያንዳንዳቸው አሥር ፓውንድ አዋጡና በወይን ማንቆርቆሪያ ቅርጽ የብር ዋንጫ አሠሩ። ዋንጫው ግን ለ1872ቱ ውድድር አልደረሰም ነበር። የዚያን ዓመት ያሸነፈው አሁንም ልጁ ሞሪስ ሲሆን በዋንጫው ፋንታ ሜዳሊያ ተሰጠው። ዋንጫውን በእጁ ለመቀበል የመጀመሪያው ሰው የ1873ቱ አሸናፊ ቶም ኪድ ነው፤ ስሙ በመጀመሪያ የተቀረጸው ግን ሞሪስ ነው። ስለዚህ ከ1872 በፊት ያሸነፉት ሁሉ ሙሉ ሻምፒዮኖች ናቸው፤ የተለወጠው ሽልማቱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋንጫውን ለዘለዓለም የማስቀረቱ ደንብ በአዲሱ ዋንጫ ላይ አልተደገመም፤ ይህም ትልቅ ማስተዋል ነበር። ጄሚ አንደርሰን ከ1877 እስከ 1879፣ ቦብ ፈርጉሰን ደግሞ ወዲያው ተከትሎት ከ1880 እስከ 1882 ሦስት ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፈዋል። የቀበቶው ደንብ ቢቀጥል ኖሮ የብሩን ዋንጫ አንደርሰን ይወስደው፣ ተተኪውንም ፈርጉሰን ይወስደው ነበር። አራት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ግን እስከ ዛሬ ልጁ ሞሪስ ብቻ ነው። እሱም ሚስቱ በወሊድ በሞተች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1875 በፈረንጆች የገና ዕለት፣ በ24 ዓመቱ አረፈ። አባቱ ከእሱ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሯል።

አባ መላ፦

ወንድም ዘውዱ ያብራሩት ትክክል ነው። እኔ የምመልሰው የመጨረሻውን ጥያቄ ነው፤ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም ባይ ነኝ። ይህን የምለው የጥንቶቹን ለማሳነስ አይደለም። እስከ 1891 ድረስ ውድድሩ 36 ጉድጓድ ነበር፤ በ1892 በሚውርፊልድ ወደ 72 አደገ፤ ይኸው መጠን እስካሁን ጸንቶ ይኖራል። በአንድ ቀን የሚያልቅ ውድድርና ድካሙም የነፋሱ መለዋወጥም በየቀኑ የሚከማችበት ውድድር የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። ከዚህም በላይ ውድድሩ ከስኮትላንድ ወጥቶ እንግሊዝ የገባው በ1894 በሳንድዊች ነው። በ1860 ስምንት ሰዎች ተሰለፉ፤ ዛሬ ከመላው ዓለም ተጣርተው የሚሰለፉት 156 ናቸው።

ቫርደን የሚገኘው ከዚህ ድንበር ወዲህ ነው፤ ስለዚህ ስድስቱን ድሎች ያለ ማመንታት እቀበላለሁ። ከ1894 እስከ 1914 ከተደረጉት 21 ውድድሮች 16ቱን ያሸነፉት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ጄ. ኤች. ቴይለር፣ ጄምስ ብሬድ እና ሃሪ ቫርደን። በ1914 ውድድሩ ወደ ተወለደበት ወደ ፕሬስትዊክ ሲመለስ ሦስቱም አምስት አምስት ጊዜ አሸንፈው ስለነበር ከሦስቱ አንዱ ካሸነፈ ብቻውን ይመራል። በመጨረሻው ቀን ቫርደንና ቴይለር ጎን ለጎን እየተጫወቱ ሕዝቡ ሁሉ ተከተላቸው፤ ቫርደን በሦስት ምት በልጦ ስድስተኛውን ወሰደ። በዚያው በጋ ጦርነቱ ፈነዳ፤ ውድድሩ እንደገና ሲጀመርም የሦስቱ ዘመን አልፎ ነበር።

ስለ ቫርደን ብዙ ጊዜ የማይነሱ ሁለት ነገሮች አሉ። ከ1903ቱ ድሉ በኋላ በሳንባ ነቀርሳ ብዙ ተሠቃይቶ፣ ቀጣዩን ድል ያገኘው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1911 ነው። ሁለተኛው የኳሱ ጉዳይ ነው። በ1902 ሳንዲ ኸርድ በሆይሌክ ያሸነፈው የጎማ ክር በተጠመጠመበት አዲስ ኳስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የጉታ ፐርቻ ኳስ ዘመን አበቃ። ቫርደን በ1896፣ በ1898 እና በ1899 በአሮጌው ኳስ፣ በ1911 እና በ1914 ደግሞ በአዲሱ አሸንፏል። መሣሪያው ተለውጦበት ያሸነፈ ሰው በየትኛውም ዘመን ቢወለድ ያሸንፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሰብለ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የ1871 ነገር አሁን ግልጽ ሆነልኝ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ ውጭ ያሉ አገሮች መቼ ገቡበት? ከአህጉራችን ያሸነፈ ሰውስ አለ?

ማኅሌት፦

ሰብለ፣ በሚገባ አለ። ቅደም ተከተሉን ለመጠበቅ ያህል፣ ከብሪታኒያ ውጭ የመጀመሪያው አሸናፊ በ1907 የፈረንሳዩ አርኖ ማሲ ነው። አሜሪካ ተወልዶ ለማሸነፍ የመጀመሪያው ዋልተር ሄገን ሲሆን ከ1922 እስከ 1929 አራት ጊዜ አሸንፏል። ባለሙያ ሳይሆን በአማተርነቱ ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ቦቢ ጆንስም የዚያው ዘመን ሰው ነው።

አፍሪካ የገባችው በደቡብ አፍሪካዊው ቦቢ ሎክ ነው። ሎክ በ1949፣ በ1950፣ በ1952 እና በ1957 አሸነፈ፤ አውስትራሊያዊው ፒተር ቶምሰን ደግሞ በ1954፣ በ1955፣ በ1956 እና በ1958። ከአሥር ዓመት ስምንቱን ሁለቱ ተካፈሉት ማለት ነው። የአባ መላን ሚዛን እዚህም ላይ ማምጣት ይገባል፤ በእነዚያ ዓመታት ታላላቆቹ አሜሪካውያን ብዙዎቹ አይመጡም ነበር። ሳም ስኒድ በ1946 ሴንት አንድሩስ ላይ አሸንፎ የተሰጠው 150 ፓውንድ የጉዞ ወጪውን እንኳ አልሸፈነለትም። ቤን ሆገን በ1953 ካርኑስቲ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ አሸነፈና ዳግመኛ አልመጣም። ሁኔታው የተለወጠው አርኖልድ ፓልመር ከ1960 ጀምሮ መመላለስ ሲጀምር ነው። ሆኖም ቶምሰንን በዚህ ብቻ ማሳነስ ፍትሐዊ አይሆንም፤ በ1965 ፓልመርም ጃክ ኒክላውስም ባሉበት አምስተኛውን አሸንፏልና።

ከሎክ በኋላ ጋሪ ፕሌየር በ1959፣ በ1968 እና በ1974፣ ኧርኒ ኤልስ በ2002 እና በ2012፣ ሉዊ ኡስቱዘን በ2010 አሸንፈዋል፤ ሁሉም ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው። አራቱም ነጮች መሆናቸውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ የአፓርታይድ ሥርዓት የቀሩትን ከሜዳው አግልሎ ነበርና። የሕንድ ዝርያ ያለው የደርባኑ ፓፕዋ ሴጎሉም በዚሁ በኦፕን ተጫውቷል፤ የኔዘርላንድስንም ኦፕን ከአንድ ጊዜ በላይ አሸንፏል። በገዛ አገሩ ግን ወደ ክለቡ ቤት የመግባት መብት አልነበረውም። የአፍሪካን ድርሻ ስንቆጥር የእሱም ስም መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ዘውዱ፦

ማኅሌት ስለ ፓፕዋ ያነሳችው ተገቢ ነው። ስለ ካርኑስቲ ከተነሳ ደግሞ፣ ሰብለ የድሮ ውድድሮችን ቅጂ የመመልከት ዕድል ካላት ሁለቱን እንድታይ እመክራለሁ።

አንደኛው በ1977 ተርንበሪ ላይ ቶም ዋትሰንና ጃክ ኒክላውስ ያደረጉት ነው። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም 65 ምት መቱ፤ በአራተኛው ቀን ዋትሰን እንደገና 65፣ ኒክላውስ 66። አንዲቱ ምት ለያየቻቸው። ዋትሰን በጠቅላላው አምስት ጊዜ አሸንፎ፣ በ2009 በዚያው ሜዳ በ59 ዓመቱ ስድስተኛውን ሊያገኝና ከቫርደን ጋር ሊስተካከል አንድ ምት ብቻ ቀረው፤ በተጨማሪው ጨዋታ በስቱዋርት ሲንክ ተሸነፈ።

ሁለተኛው በ1999 ካርኑስቲ ላይ የተደረገው ነው። ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ በስድስት ምት ቢጨርስ ዋንጫው የእሱ ነበር። ኳሱ ወንዙ ውስጥ ስትገባ ጫማና ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ገባ፤ ጥቂት ቆሞ አሰበና ከዚያ መምታቱን ተወው። በሰባት ጨረሰና ሦስት ሰዎች እኩል ሆኑ። በተጨማሪው አራት ጉድጓድ ያሸነፈው በዚያ ጠዋት ከመሪው በአሥር ምት ርቆ የተነሳው ስኮትላንዳዊው ፖል ላውሪ ነው። ከእሱ ወዲህ ይህን ውድድር ያሸነፈ ስኮትላንዳዊ የለም።