እምነትና ማልያ፦ ለክለባችን የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው፣ በደጋፊዎች መካከል ስላለው የሃይማኖት ጉዳይ ለክለቡ ጽሕፈት ቤት አንድ የጋራ ሐሳብ እናስገባለን። በ2018 ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። አውቶቡሳችን ውስጥ የማይጾም ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። ያኔ የተነሱት ጥያቄዎች እስካሁን ሲያነታርኩን ከረሙ። ተጽፎ ቢቀመጥ ይሻላል።

ለመነሻ ያህል ይኸው፦

አንደኛ፣ ማንም ደጋፊ እምነቱን በአለባበሱ፣ በማተቡ፣ በጸሎቱ ቢገልጽ አይከለከልም። ሁለተኛ፣ የደጋፊዎች ማኅበራችን በሜጋፎንም ሆነ በባነር የየትኛውንም ሃይማኖት መልእክት አያስተላልፍም። ሦስተኛ፣ የሰውን እምነት የሚነካ ጭፈራ ክልክል ነው።

ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

አስጨፋሪው

ከሦስተኛው ልጀምር። «ክልክል ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ማን ያስቆመዋል? እኔ ከበሮ ይዤ ፊት ስለምቆም እንዴት እንደሚነሳ አውቀዋለሁ። ከኋላ አንድ ሰው ይጀምረዋል። አምስት ሰው ይቀበለዋል። ዞር ብዬ ቃሉን እስክሰማ ድረስ መስመሩ በሙሉ ይዞታል። በዚያ ሰዓት ብትለምን፣ ብትቆጣ የሚሰማህ የለም። የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከበሮውን ማቆም። ምቱ ሲቋረጥ ጭፈራው በራሱ ጊዜ ይበርዳል። ከዚያ ወዲያው ሌላ ማስጀመር ነው። ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «እምነትን የሚነካ ቃል ሲሰማ ከበሮ ይቆማል።» ይህን እኔ እወስዳለሁ።

ሌላው የዜማ ነገር ነው። ከመዝሙርም ከመንዙማም ዜማ ወስደን ግጥም የቀየርንባቸው ጭፈራዎች አሉን። ልጆቻችንን ስናሞግስበት ማንም ቅር አላለውም። ተጋጣሚን ስንሰድብበት ግን የራሳችን ሰዎች ዝም ሲሉ አይቻለሁ። እጃቸውን ከማጨብጨብ መልሰው ቁጭ ይላሉ። በመንፈሳዊ ዜማ ስድብ አይገባም። ይህም ይጻፍልኝ።

የጉዞ አስተባባሪዋ

የእኔ ጭንቀት ከስታዲየሙ ይልቅ መንገዱ ላይ ነው። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ከጀመረበት ከ2013 ወዲህ ኑሯችን አውቶቡስ ላይ ሆኗል። ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ እያልን ነው። ጠዋት አንዱ መዝሙር ይከፈት ይላል፣ ሌላው መንዙማ። ሾፌሩ መሀል ቤት ይቸገራል። በአውቶቡሱ ድምፅ ማጉያ የክለቡ ጭፈራና ዘፈን ብቻ ይከፈት፤ ሌላውን ሁሉም በጆሮ ማዳመጫው ይስማ።

ምግብ ላይ ግን በደንብ እንነጋገር። በጾም ወቅት በያይነቱና ሽሮ ያለበት ቤት ካቆምን ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው በፍስክ ነው። የዓመት መዝጊያ ግብዣችንን አስታውሱ። አንድ በሬ ታረደ። ሙስሊም አባሎቻችን ሰላጣና ለስላሳ ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ያዋጡት ግን እኩል ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ አስቀድሞ ያሰበም ግን አልነበረም። ያደግሁት ወሎ ነው። እዚያ ሰርግ የሚደግስ ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻው ያሳርዳል። ቢላውን የሚይዘውም፣ ወጡን የሚሠራውም ከእነሱው ወገን ነው። ድስቱ ሳይቀር ለብቻ ነው። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ ያደርጋል። የአገር ቤት ሰው ያለ መመሪያ የሚያደርገውን እኛ ከተማ ተቀምጠን እንዴት ያቅተናል? ሐሳቤ ይህ ነው፤ በአንድ በሬ ፈንታ በጎች ይገዙ፣ ሁለት ቦታ ይታረድ፣ ማብሰያውም ለየብቻ ይሁን።

አዲስ አባል

ታላላቆቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ሁለተኛው ነጥብ ይከብደኛል። ተጫዋቾቻችን ከጨዋታ በፊት ክብ ሠርተው ይጸልያሉ። ጎል ሲያገቡ ተንበርክኮ የሚያመሰግን አለ፣ አማትቦ የሚነሳ አለ፣ ሱጁድ የሚያደርግም አለ። እኛስ ለምን አንድ ላይ አንጸልይም? አንድ ደቂቃ በሜጋፎን ብቻ። እኔ ሳልጸልይ ከቤት አልወጣም። እዚያ ቦታ ላይ ስሆን እምነቴን አውልቄ የምገባ መስሎ እንዲሰማኝ አልፈልግም።

የሴት ደጋፊዎች ተወካይ

ወንድሜ፣ ልብህ ቀና እንደሆነ ከቃልህ ይታያል። እኔ ሙስሊም ነኝ። አጠገቤ ቆመህ ስትጸልይ ደስ ይለኛል፣ እኔም ዱዓ አደርጋለሁ። ሜጋፎኑ ሲጸልይ ግን ነገሩ ይለወጣል። አሜን ብል የማላምንበትን ማለቴ ነው። ዝም ብል ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። ለዘጠና ደቂቃ አብሬህ ልጮህ የመጣሁ ሰው፣ ጨዋታው ሳይጀመር እንግዳ ሆኜ እቆማለሁ። ሜጋፎኑ የተገዛው በሁላችን መዋጮ ነው።

የእኔ ጥያቄ የስታዲየም በር ላይ ነው። አንድ ከተማ ላይ ፈታሹ ወንድ ስለነበር ሻርፔን ፈትቼ እንዳሳየው ጠየቀኝ። እምቢ አልኩ። ሴት ፈታሽ እስክትፈለግ ጨዋታው ተጀምሮ ነበር። ከኋላዬ ነጠላ የተከናነቡ እናትም አብረውኝ ቆመው ቀሩ። ሜዳ ውስጥ የሚጫወቱት ሴቶች እንኳ ፀጉራቸውን ሸፍነው እንዲጫወቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። ተመልካቿን የሚያስፈታ ምን ምክንያት አለ? ክለቡ ለአዘጋጆች ደብዳቤ ይጻፍልን፤ በእያንዳንዱ በር ሴት ፈታሽ ትመደብ። መፈተሹን አንጠላውም። በሴት ይሁን ነው ያልነው።

ደግሞ ስለ አፍጥር። ምሽት 12 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ ላይ የማፍጠሪያው ሰዓት፣ መግሪብ፣ የሚገባው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ነው። በር ላይ ግን የውሃ ፕላስቲክ ይቀማል። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ ሰው ቢያንስ ቴምርና ውሃ ይዞ እንዲገባ ይፈቀድለት። ክዳኑ ተነቅሎ ቢሆንም ግድ የለንም።

አባል ከለንደን

እህቴ ስለ አፍጥር ያነሳችው ነገር እዚህ እንግሊዝ አገር ከዚያም አልፎ ተሞክሮ ሠርቷል (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። በኤፕሪል 2021 ሌስተርና ክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ ኳሱ ከሜዳ ሲወጣ ጨዋታው ለአፍታ ቆመና የሌስተሩ ተከላካይ ዌስሊ ፎፋና አፈጠረ። ሁለቱ ቡድኖች ከዳኛው ጋር አስቀድመው ተነጋግረውበት ነበር። ማንም አልተጎዳም፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተለመደ መጣ። በ2023 ደግሞ ቼልሲ ስታምፎርድ ብሪጅ ሜዳው ዳር ምንጣፍ አንጥፎ ሕዝብ አስፈጠረ። የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ግን በዚያው ዓመት ዳኞች ለአፍጥር ጨዋታ እንዳያቆሙ አዟል። እኔ የእንግሊዙን መንገድ እመርጣለሁ።

ስለ ሜጋፎኑ ግን የስኮትላንዷን ግላስጎውንና ሁለቱን ክለቦቿን እንመልከት። ሴልቲክ በ1887 ሲመሠረት ዓላማው የተቀደሰ ነበር፤ አንድ የካቶሊክ መነኩሴ የድሃ አየርላንዳውያንን ልጆች ለመመገብ ነው የጀመሩት። ሬንጀርስ በበኩሉ የፕሮቴስታንቱ ወገን መለያ ሆነ፤ ለረጅም ዘመንም ካቶሊክ መሆኑ የሚታወቅ ተጫዋች አያስፈርምም ነበር። በ1989 ካቶሊኩን ሞ ጆንስተንን ሲያስፈርም ስካርፋቸውን ያቃጠሉ ደጋፊዎች ነበሩ። የገዛ ቡድናቸው አጥቂ እኮ ነው! እምነት የሰው ሆኖ ሳለ የማልያው ሲሆን መጨረሻው እንዲህ ነው። እዚያ የደረሱት በአንድ ቀን አይደለም።

የካታንጋው ጋሼ

ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። አዲስ አበባ ስታዲየም የደጋፊ መቀመጫዎች ላይ፣ ካታንጋም፣ ሚስማር ተራም፣ ከማን አንሼም ተቀምጬ ኖሬያለሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የቅዱሱን ስም ይዞ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ። «ጊዮርጊስ» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ የሚጮኸው ሙስሊም ግን ስንትና ስንት ነው። ስሙ የጋራ ስለሆነ ማንም አልራቀም። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 ያሸነፍን ዕለት አንዱን አዳነ ግርማ፣ ሌላውን ሳላዲን ሰኢድ አገቡ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ያን ቀን ማን እንዳቀፈኝ ስሙንም ሃይማኖቱንም አላውቅም።

አዲሱ ልጄ፣ አንተም አልተሳሳትክም። ጸሎት የሌለበት ቦታ ላይ ቁም አይልህም ማንም። ስለዚህ ይህን አስቡበት፦ ቡድኑ ሊገባ ሲል ከበሮው ለአንድ ደቂቃ ይቁም፣ ሜጋፎኑም ዝም ይበል። የሚያማትብ ያማትብ፣ እጁን የሚዘረጋ ይዘርጋ፣ የማይጸልይም ስካርፉን ከፍ ያድርግ። ከዚያ አስጨፋሪያችን ያስነሳን።

አንድ የምጠይቃችሁ አለ። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው ባነርስ? ቃሉ የመዝሙረ ዳዊት ነው። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ አገር ቃል ነው የማውቀው።

አዲስ አባል

የደቂቃዋን ሐሳብ ተቀብያለሁ፣ ጋሼ። እንዲያውም ሳልሰማ ከሚጸልይልኝ ሰው ይልቅ ራሴ ብጸልይ እመርጣለሁ። ባነሩ ግን ይሰቀል ባይ ነኝ።

የሴት ደጋፊዎች ተወካይ

ባነሩ እኔን አያስቀይመኝም። ግን የቁርኣን ጥቅስ ነገ አንዱ ጽፎ ቢመጣ ምን እንለዋለን? ያንን ካልሰቀልን ይህንንም አንስቀል። የክለባችን ጨዋታ ላይ ይቅር፤ ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ግን እያንዳንዱ በግሉ ይያዘው።

ጸሐፊ

ባነሩ ላይ ስላልተስማማን እዚህ አንጨርሰውም፤ በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ይሰጥበት። የቀረውን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«ማንም ደጋፊ እምነቱን በግሉ ሲገልጽ ማኅበሩ ያከብርለታል። በማኅበሩ ሜጋፎን ጸሎትም ስብከትም አይተላለፍም። ቡድኑ ከመግባቱ በፊት ሁሉም በየራሱ የሚጸልይበት አንድ ደቂቃ ይኖራል። የሰው እምነት የሚነካ ቃል ሲሰማ ከበሮ ይቆማል፤ በመንፈሳዊ ዜማ ስድብ አይገባም። በጉዞና በግብዣ ላይ የጾመኛውና የሙስሊሙ አባል ምግብ አስቀድሞ ይታሰባል፣ እርዱም ለየብቻ ይሆናል። ክለቡ በበሮች ላይ ሴት ፈታሽ እንድትመደብና በረመዳን ቴምርና ውሃ እንዲገባ ከአዘጋጆች ጋር እንዲነጋገር እንጠይቃለን።»

የመግሪብ ሰዓት ላይ ጨዋታ ለአፍታ እንዲቆም የሚለው የእኛ ሳይሆን የሊጉ አክሲዮን ማኅበርና የዳኞች ጉዳይ ነው። ቢሆንም ክለቡ ጥያቄውን እንዲያቀርብልን በመሸኛ ደብዳቤው ላይ ጨምሬዋለሁ።

የጉዞ አስተባባሪዋ

ተስማምቻለሁ። በምዝገባ ቅጹ ላይ «ምን ትበላለህ?» የሚል አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ ሃይማኖት አልጠይቅም። ለበጎቹ ዋጋ የሚያጣራ አንድ ሰው ከሙስሊም አባላት፣ አንድ ሰው ከክርስቲያኖቹ ይሰጠኝ። እስከ ዓርብ ስልክ ደውሉልኝ።