አስቸኳይ፦ ካቦ ሳን ሉካስ የያዝነው ሆቴል ተሰረዘብን፤ ጀልባችን ነገ ንጋት ላይ ይነሣል

የአዋሽ ልጅ፦ ወገኖቼ፣ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ። ሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብለን ሳለ ሜክሲኮ፣ ካቦ ሳን ሉካስ የያዝነው ሆቴል ክፍሉን ሰረዝኩት የሚል መልእክት ላከልኝ። ገንዘቡ ይመለሳል ተብሏል፤ መቼ እንደሆነ ግን አልተነገረንም። ዓሣ ለማጥመድ የተከራየነው ጀልባ ነገ 12 ሰዓት ከወደቡ ይነሣል፣ ቀብዱም ተከፍሏል። በስልኬ ያየኋቸው ሆቴሎች ወይ ሞልተዋል ወይ ዋጋቸው አይቀመስም። ወደቡ አጠገብ የሚታደርበት ቦታ የምታውቁ ንገሩኝ። ደግሞ አባቴ ጽጌ ጾም ላይ ናቸው፤ እዚያ ምን ይበላሉ?

ትርሲት ከሳን ዲዬጎ፦ ስንት ሰው ናችሁ? ስንት ሌሊት? 12 ሰዓት ያልከውስ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጁ? በፈረንጁ ከሆነ እኩለ ቀን ነውና እንቅልፋችሁን ጠግባችሁ ትነሣላችሁ።

የአዋሽ ልጅ፦ በእኛ ነው እኅቴ፣ የንጋቱ 12። አራት ነን፦ አባቴ፣ እኔ፣ ወንድሜና የሥራ ባልደረባችን ከድር። ሁለት ሌሊት እናድራለን። አባቴ ብዙ መራመድ አይችሉም።

ጋሼ መምህሩ፦ ልጄ፣ ክፍል የጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም። በኦክቶበር መጨረሻ ካቦ ውስጥ ቢዝቢስ ብላክ ኤንድ ብሉ የሚባለው፣ ማርሊን የተባለውን ትልቅ ዓሣ የማጥመድ ውድድር ይካሄዳል። ሽልማቱ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው። ለሽልማት የሚመዘነው ማርሊን ቢያንስ 300 ፓውንድ፣ ማለትም 136 ኪሎ ግራም ያህል መሆን አለበት። ከየአገሩ ቡድኖች ይመጣሉ፣ ሆቴሉም ጀልባውም ይያዛል። ሰው ጉዞ ሲያስብ አስቀድሞ የአገሩን የቀን መቁጠሪያ መመልከት አለበት። ሁለተኛ፣ ሰነዳችሁን አሁኑኑ ፈትሹ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የአሜሪካ ቋሚ መኖሪያ ካርድ ካለው የሜክሲኮ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ፓስፖርቱም ካርዱም ጊዜያቸው ያላለፈ መሆን አለበት። ካርዱን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ችግር ይገጥመዋል። ሦስተኛ፣ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ...

ናርዶስ፦ ጋሼ፣ ፈቃዱን ቆይተው ይንገሩት፤ ልጁ ማደሪያ ነው የሚፈልገው። የአዋሽ ልጅ፣ ከተማው መሀል ሲየስታ ስዊትስ የሚባል ትንሽ ሆቴል አለ፤ ወደቡ በእግር ቅርብ ነው፣ አጥማጆች የሚያዘወትሩት ነው። ያ ከሞላ ማር ዴ ኮርቴዝ ሞክር፤ እሱም መሀል ከተማ ያለ የቆየ ሆቴል ነው። ድረ ገጹ ሞልቷል ስላለ አትመን፣ በቀጥታ ደውል። በእንዲህ ያለ ሳምንት ክፍል ይዞ ሳይመጣ የሚቀር እንግዳ አይጠፋም። ክፍሉን የያዝክበት ድርጅት ጋም ደውለህ በተመሳሳይ ዋጋ ሌላ ቦታ እንዲፈልጉልህ ጠይቅ፤ መልእክት ብቻ አትጻፍላቸው።

የቆቃው አጥማጅ፦ እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ወደቡ አጠገብ ማደር ለምን አስፈለገ? ለዓሣ ከሆነ የመጣችሁት፣ ካቦ ሳን ሉካስን ለውድድሩ ሰዎች ተዉላቸው። ሳን ሆሴ ዴል ካቦ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው፣ ለአውሮፕላን ማረፊያውም እሱ ይቀርባል። ጸጥ ያለ ከተማ ነው፣ ለአባትህም ይሻላል። እዚያው ላ ፕላዪታ የሚባለው ሰፈር ፓንጋ የተባሉት ትንንሽ ክፍት ጀልባዎች አሉ፤ ጎርዶ ባንክስ ወደተባለው ከባሕር በታች ወዳለ ከፍታ ይወስዷችኋል። በዚህ ወቅት ቱና የሚያዘው እዚያ ነው። ማርሊን እንደሆነ ፎቶ ተነሥተው ወደ ባሕር የሚመልሱት ዓሣ ነው፤ የሚበላው ዶራዶና ቱና ነው።

የአዋሽ ልጅ፦ ወንድሜ፣ የጀልባውን ቀብድ ከፍለናል አልኩህ እኮ። 300 ዶላር ጥዬ አልሄድም።

የቆቃው አጥማጅ፦ እሺ፣ ጀልባውን አትተው። ማደሪያውን ግን ሳን ሆሴ አድርገው። ትሮፒካና ኢንን ጠይቅ፣ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ለንጋቱ ታክሲ ዛሬ ማታ ተዋዋል፣ ዋጋውንም አስቀድመህ ቁረጥ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከተነሣችሁ በጊዜ ትደርሳላችሁ። ሰዓቱ እንዳያደናግርህ፤ በኦክቶበር የዚያ አገርና የሎስ አንጀለስ ሰዓት እኩል ነው።

ዘሪሁን ቨርጂኒያ፦ ሲየስታ ስዊትስ ደውል። ወደቡ ቅርብ ነው።

ትርሲት ከሳን ዲዬጎ፦ ናርዶስ ነግራዋለች እኮ ዘሪሁን።

ወለተ ማርያም፦ ስለ ጾሙ ማንም አልመለሰም። አባትህ በጽጌ ዓሣ ይበላሉ? ብዙ ሰው ዓሣ ጾም ነው እያለ ይበላል፤ አባቶች ግን አይፈቅዱም።

ጋሼ መምህሩ፦ በዚህ ላይ ረጅም ክርክር አለ...

የአዋሽ ልጅ፦ አባቴ በጾም ዓሣ አይቀምሱም። ለማጥመዱ ግን ከእኛ በላይ ጓጉተዋል።

ሰብለ ምግብ ቤት፦ ወንድሜ፣ እኔ ከሜክሲኮዎች ጋር ወጥ ቤት ስለሠራሁ ይህን በደንብ አንብበው፤ ከድር ለተባለው ጓደኛችሁም ይሆናል። ባቄላው ጾም ይመስላል፤ ግን ተፈጭቶ የሚጠበሰው ባቄላ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው። ስቡ ማንቴካ ይባላል። ቶርቲያ የሚሉት ስስ ቂጣም የስንዴው እንደዚያው ማንቴካ አይጠፋውም። ሩዙ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዶሮ መረቅ ይበስላል፤ ነጭ ሆኖ ስታዩት አትመኑት።

የሚያስተማምነው የበቆሎ ቶርቲያ ነው። በቆሎው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ ይፈጫል፣ ሊጡ በእጅ ድቡልቡል ይሆንና በመጫኛ ይዳጣል፤ ከዚያ ኮማል የሚሉት ምጣድ ላይ ይጣላል። ገልበጥ ሲደረግ መሀሉ ፊኛ መስሎ ከተነፋ በስሏል። ስብ የለበትም፣ እርሾም የለበትም። ትኩሱን ከአቮካዶና ከቲማቲም ሰላጣ ጋር ለአባትህ ስጣቸው። ኖፓል የሚሉትንም ጠይቅ፦ የቁልቋል ቅጠል እሾሁ ተልጦ፣ ተከትፎ የሚጠበስ ነው። እኛ አገር ፍሬውን በለስ ብለን እንበላለን እንጂ ቅጠሉን አንነካም፤ አባትህ አንዴ ከቀመሱት ደግመው የሚያዙ ይመስለኛል። ነገር ግን ሥጋ የተጠበሰበት ብረት ላይ እንዳይጥሉት ንገራቸው።

ይህን በወረቀት ጽፈህ ያዝ፦ «ሲን ማንቴካ፣ ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ፣ ሲን ካልዶ ዴ ፖዮ»። ያለ ስብ፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ክሬም፣ ያለ ዶሮ መረቅ ማለት ነው። ቬጀቴሪያን ነኝ ብቻ ብትል አይብ አልብሰው ያመጡልሃል።

ከማል ደንቨር፦ እግዜር ይስጥልን እኅቴ። እኔም እዚያ ስሄድ የሚያስጨንቀኝ ያ ስብ ነበር። ለሌሎቻችሁ፦ የያዛችሁትን ዓሣ ምግብ ቤት ወስዳችሁ ማስጠበስ ይቻላል፤ እዚያ የተለመደ ነው። ወደቡ ላይ ሶሎሞንስ ላንዲንግ ይሠራላችኋል። «በዘይት ብቻ ጥበሱልን» በሏቸው፣ በቅቤም በማንቴካም አይሁን። ዓሣ ካልያዛችሁ ታኮስ ጋርዴኒያስ ሂዱ፤ በቶርቲያ የሚጠቀለል የዓሣና የሽሪምፕ ታኮ ነው፣ ወደ ሜዳኖ ባሕር ዳርቻ በሚወስደው መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ።

ዘሪሁን ቨርጂኒያ፦ ለጀልባው ለአባትህ ሙዝ እንዳትይዝላቸው! ካፒቴኖቹ ሙዝ ጀልባ ላይ ገደ ቢስ ነው ይላሉ። ብርቱካንና ለውዝ ያዝ።

ወለተ ማርያም፦ ጾመኛ ሰው ላይ ሙዝ መከልከል ግፍ ነው።

ዘሪሁን ቨርጂኒያ፦ እኔ አይደለሁም የከለከልኩት፣ ካፒቴኑን ጠይቂው።

ናርዶስ፦ አባትህ ሳይበሉ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ባዶ ሆድ ከማዕበልና ከፀሐይ ጋር ከባድ ነው። ከንስሐ አባታቸው ጋር ዛሬ በስልክ ይነጋገሩ። የባሕር ሕመም መድኃኒትም የሚወስዱ ከሆነ ማዕበሉ ከያዛቸው በኋላ አይጠቅምም፣ አስቀድመው ነው። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ፋርማሲው ጠይቁ፤ አየር ማረፊያውም ውስጥ ይሸጣል።

የአዋሽ ልጅ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደወልኩ። አንዱ ሞልቷል፤ ሌላው ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል አለኝ ብሎ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሊይዝልን ተስማምቷል። ለመሳፈር ተሰልፈናል። አራት ሰው በአንድ ክፍል ይፈቅዳሉ?

ናርዶስ፦ ያዘው! አውሮፕላኑ ከዘገየ ግን ከአየር ማረፊያው እንደወጣህ ወዲያው ደውልላቸው። ተጨማሪ ፍራሽ ጠይቅ፤ ለሰው ጭማሪ ሊያስከፍሉህ ይችላሉ።

የቆቃው አጥማጅ፦ ሁለቱ ሳን ሆሴ ይደሩ እላለሁ አሁንም።

ጋሼ መምህሩ፦ አሁን ስለ ፈቃዱ ልጨርስ። ማጥመጃ ዘንግ የሚይዝ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ አባትህም ጭምር። በዋጋው ውስጥ መካተቱን ካፒቴኑን ጠይቅ። ለመንጠቆ የሚሆኑት ትንንሽ ሕያው ዓሦች ብዙ ጊዜ ለብቻ ይከፈልባቸዋል፣ ንጋት ላይ ወደቡ አፍ ላይ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚሸጡት። ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቀደው 10 ዓሣ ነው፤ ከአንድ ዓይነት ከ5 አይበልጥም፣ ዶራዶ ከሆነ 2 ብቻ፣ ማርሊን 1። ባሕሩ ከተናወጠና የወደቡ አስተዳደር መውጣትን ከከለከለ ቀብዳችሁን ወይም ሌላ ቀን ጠይቁ፤ ይህን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙበት። ለካፒቴኑና ለረዳቱ ጉርሻ መስጠትም የአገሩ ደንብ ነው።

ትርሲት ከሳን ዲዬጎ፦ ዓሣ ወደ ቤት የምታመጡ ከሆነ ወደቡ ላይ ቆራርጠው፣ አሽገው የሚያቀዘቅዙላችሁ አሉ። የፈቃዱን ወረቀት አትጣሉት፤ ስትመለሱ ጉምሩክ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ሀና ላስ ቬጋስ፦ እኛ የምንሄደው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው። ያኔ ክፍል ይገኛል?

የቆቃው አጥማጅ፦ ከውድድሩ በኋላ ይቀላል እኅቴ። ቱናውም ገና አለ። ሳን ሆሴ እደሩ።