የአልበርታ (ካናዳ) ገበሬ አያት መታሰቢያ፦ የጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ ላይ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከገጠሩ ሙዚየም ጋር አብረን የምናስገባው ረቂቅ እስካሁን አንድ የፎቶ ግድግዳና አንድ የሕይወት ታሪክ ሰሌዳ ብቻ ነው የያዘው። አስተያየታችሁን ጻፉ።

ታሪክ ንዑስ ኮሚቴ፦ ሰሌዳው ስለ አያቷ ሳይሆን ስለ ባሏ ነው የሚያወራው፤ መሬቱን መቼ እንደያዘ፣ ስንት እንዳረሰ። መዝገቡም በሱ ስም ስለሆነ አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ1872ቱ የካናዳ መሬት ሕግ 160 ኤከር (65 ሄክታር ገደማ) በ10 ዶላር መመዝገቢያ ይሰጥ ነበር፤ ሴት ግን በአብዛኛው የምታገኘው ልጆች ይዛ ባሏ ከሞተባት ነው። አልበርታ ውስጥ ባል የመኖሪያ መሬቱን ያለ ሚስቱ ፈቃድ እንዳይሸጥ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። እሷን የምናገኛት በክሬምና በእንቁላል ሽያጭ ሒሳብ ደብተር ነው። የቤቱ ስኳርና የልጆቹ ጫማ የሚገዛው ከዚያ ገንዘብ ነበር።

መሣሪያ ንዑስ ኮሚቴ፦ እንግዲያው መሃል የሚቆመው በእጅ የሚዞረው ክሬም መለያ ማሽን ይሁን። ወተቱ እንደታለበ፣ ለብ እንዳለ ነው የሚገባው፤ ከቀዘቀዘ ቅባቱ ወፍሮ ውስጡ በሚሽከረከሩት ሳህኖች መካከል ይዘጋል። እጀታው በብዙዎቹ ሞዴሎች በደቂቃ 60 ዙር ገደማ ይፈልጋል። ከዚያ ካነሰ ክሬሙ ከቀጭኑ (ቅባቱ ከተለየለት) ወተት ጋር ለአሳማና ለጥጃ ይሄዳል፣ ያ ማለት ገንዘብ ነው። ከዚያ ደግሞ ማጠቡ አለ፦ ብዙ ቀጫጭን ሳህኖች፣ አንድ በአንድ። ሳይታጠብ ካደረ የሚቀጥለው ክሬም ይኮመጥጥና ዋጋው ይወርዳል።

ሰብሳቢ፦ ጋሼ፣ ጎብኚ እያየው ይዞር?

መሣሪያ ንዑስ ኮሚቴ፦ ይዞር፣ ወተት ግን አይግባበት። የድሮ ብየዳ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። አስቀድሞ ወለሉ በውሃ ልክ ይታይ፣ እግሩ በብሎን ይታሰር፣ የማርሽ ጥርሶቹ ዘይት ይቀየር። የደረቀ የላስቲክ ቀለበት ስለሚያፈስ በአዲስ ይተካ። ሳህኖቹ በቁጥራቸው ተራ ካልተደረደሩ ሚዛኑ ይዛባና ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ እጅ መስደድ የለም፣ ዙሩ በራሱ እስኪያልቅ ይጠበቃል።

ቀረጻ ንዑስ ኮሚቴ፦ ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን «ኑሮ እንዴት ነበር?» ብለን ከጠየቅን «ከባድ ነበር» ብለው ይጨርሱታል። በሥራዋ እንጠይቅ። ለልብስ ማጠቢያ ውሃው ከየት ተቀዳ፣ በምን ሞቀ? ለመውቂያ ሠራተኞች በቀን እስከ አምስት ጊዜ ምግብ ይቀርብ ነበር፤ የመጀመሪያው ዳቦ በስንት ሰዓት ምድጃ ገባ? «አንድ እፍኝ ዱቄት» ካሉ እጃቸው የያዘውን በሚዛን እንለካ። አንድ ቀረጻ ከ90 ደቂቃ አይብለጥ፣ የፈቃድ ቅጹ ከቀረጻው በፊት ይፈረም፣ ድምፁ ሳይታመቅ ይቀመጥ። ፎቶዎቹን በ600 ዲፒአይ (በኢንች 600 ነጥብ) ስካን እናድርግ፣ ጀርባቸውን ጭምር፤ ስምና ዓመት የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከጀርባ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ የኛን የሀገር ቤት የወተት መናጫ ቅል ከማሽኑ ጎን ብናስቀምጥስ?

ታሪክ ንዑስ ኮሚቴ፦ እህቴ፣ ለመክፈቻው ቀን ያምራል፤ ዐውደ ርዕዩ ውስጥ ግን የሷን ቦታ ይሻማል።

ሰብሳቢ፦ በዚሁ ይጻፍ። ሰሌዳው ወደ አንድ አንቀጽ ይጠር፣ ደብተሩ በመስታወት ሥር ይሁን። ኦሪጅናሉን ቤተሰቡ ካልሰጠ ቅጂው ይበቃል። ገንዘብ ያዥ፣ ላስቲክና ዘይቱን በጀት ውስጥ አስገቢልን።