ሰርቨሩ ፒንግ አይመልስም፣ ሳይቱ ግን ይከፍታል

የማታ ተረኛ፦
ሰላም ነው? ጀርመን የተከራየሁት ሊኑክስ ሰርቨር አለኝ። ትናንት ማታ ደንበኛ ደውሎ «ሳይቱ ተንቀራፈፈብኝ» አለኝ። ሲኤምዲ (የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ) ከፍቼ ፒንግ ሳደርገው አራቱም ሙከራ «ሪኩዌስት ታይምድ አውት»፣ መልስ የለም። ልቤ ቀጥ አለ። ሪስታርት ላደርገው ስል ለማንኛውም ብዬ በስልኬ ብሞክረው እየተጎተተም ቢሆን ተከፈተ! 8.8.8.8 (የጉግል ሰርቨር) ደግሞ በደንብ ይመልሳል። ፒንግ ነው የዋሸኝ ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?

ገመድ ቆራጭ፦
እንኳን ሪስታርት አላደረግክ። ፒንግ አይሲኤምፒ በሚባል ፕሮቶኮል «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ያኛው ማሽን «አለሁ» ይላል፣ በቃ። ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲጽፈው ስሙን የወሰደው ከሶናር ድምፅ ነው፤ ትጮሃለህ፣ ማሚቶውን ትጠብቃለህ። ፖርት (የአንድ አገልግሎት በር ቁጥር) የሚባል ነገር አያውቅም። ሳይትህ የሚሠራው ፖርት 443 ላይ ነው፣ ስለዚህ ፋየርዎሉ (የሰርቨሩ በር ጠባቂ) አይሲኤምፒን ዘግቶ 443ን ከለቀቀ ልክ ያየኸው ነገር ይፈጠራል። ፓወርሼል (ሌላው የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ) ላይ «ቴስት ኔትኮኔክሽን» (Test-NetConnection) በልና ፖርቱን 443 ስጠው። «ትሩ» ካለህ በሩ ክፍት ነው።

ቡና በጀበና፦
ስለመንቀራፈፉስ? መጀመሪያ የቤትህን ራውተር ፒንግ አድርግ። ከ1 እስከ 5 ሚሊሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት፤ አንዴ 3 አንዴ 300 እያለ የሚዘል ከሆነ ጉዱ ያለው ዋይፋይህ ላይ ነው፣ ጀርመንን አትማ። ደግሞ በ4 ፓኬት (አንድ ጥያቄ አንድ ፓኬት ነው) አትፍረድ። ዊንዶውስ 4 ልኮ ያቆማል፣ ሳያቋርጥ እንዲልክ ሰረዝ ቲ (-t) ጨምርበትና ቡናህን አፍላ፣ ስትጨርስ ለማቆም ኮንትሮል ሲ። እና 20 ሚሊሰከንድ እንዳትጠብቅ! ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ደርሶ መልሱ ብቻ 50 ሚሊሰከንድ ይበላል፣ ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደብ ስለሌለን በጎረቤት በኩል ዞሮ ነው ባሕር የሚገባው።

የማታ ተረኛ፦
ኧረ ጉድ ነው። አይሲኤምፒን የዘጋሁት ራሴ ነኝ፣ ባለፈው ወር «ለደህንነት» ብዬ፣ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ከፍቼ ግማሽ ሰዓት አስኬድኩት፦ 130 ሚሊሰከንድ አካባቢ፣ ሎስ (የጠፋ ፓኬት) ዜሮ። ሳይቱ ግን አሁንም ይጎተታል።

ገመድ ቆራጭ፦
እንግዲያው መንገዱ ደህና ነው። ለፒንግ የሚመልሰው ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ነው፣ ዌብ ሰርቨሩ ታንቆ እያጣጣረ እንኳ «አለሁ» ይልሃል። በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው) ግባና ሜሞሪውንና ዲስኩን እይ።

የማታ ተረኛ፦
ዲስኩ 100 በመቶ ሞልቷል። አንድ የሎግ (የክንውን መዝገብ) ፋይል ብቻውን 31 ጊጋ!

ቡና በጀበና፦
😂 ሎግሮቴት (አሮጌ ሎግ እየቆረጠ የሚያጠፋ ፕሮግራም) አስገባና ተኛ።