«ለቅሶ የበላው ሰዓት»፦ ኮምቦልቻ ላይ የተነገረውን ዝም ብለን እንለፈው?

የጦሳ ልጅ፦
ሰሞኑን ኮምቦልቻ ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞቹን ሰብስቦ የወሩ ምርት ከታርጌት በታች ነው ብሎ ወቀሰ። ይውቀስ። የምርት ኃላፊው ግን በዚያ አላበቃም። «ምርታችንን የጎዳው ማሽን አይደለም፤ ለቅሶ የበላው ሰዓት ነው። የሥራና የኑሮ ሚዛን የምትሉት የጠገበ አገር ወሬ ነው» አለ። ታናሽ እህቴ እዚያው ላይን (የስፌት መስመሩ) ላይ ናት፤ የነገረችኝን ነው የምጽፈው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የገባች ልጅ ኦቨርታይም ካለ ከምሽቱ 1 ሰዓት ትወጣለች። እሑድም «ጭነት ደርሷል» እየተባለች ትጠራለች። ይችን ልጅ ያደከማት ለቅሶ ነው? ወሎ ላይ ፋብሪካ ከፍቶ፣ የወሎን ልጅ ቀጥሮ፣ ቅሬን (የቀብር ዕድራችንን) ጥፋተኛ ማድረግ ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ሐረጎ ዳገት፦
አነጋገሩ ይሻክራል እንጂ ሰውየው ያነሳው ነገር ውሸት ነው? እኔ ሌላ ፋብሪካ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ሸሚዝ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ነው የሚያልቀው። ኮሌታ የምትሰፋዋ ከቀረች ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሰኞ ለቅሶ፣ ረቡዕ ሠልስት፣ ሐሙስ ሰደቃ፣ ቅዳሜ ሠርግ። ሁሉም ክቡር ነው፤ እኔም ቅሬ አለኝ፣ እኔም እቀብራለሁ። ግን ገዥው ትእዛዙን በቀኑ ካላገኘ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ከአጎዋ ከወጣን ከታኅሣሥ 2014 ወዲህ ደግሞ አሜሪካ ስንልክ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ የቀረን ነገር ቢኖር በሰዓቱ ማድረስ ነው። ይሄን ሳታዩ በሰው አፍ ላይ አትረባረቡ።

ቦሩ ሜዳ፦
«ሁሉም ክቡር ነው» ብሎ ጀምሮ «ግን» ብሎ መጨረስ። ለመድነው።

ኡሙ ሰሚር፦
ወላሂ ይሄን ቃል ስሰማ ደሜ ነው የፈላው። ሐረጎ፣ ወንድሜ፣ አንተ ሱፐርቫይዘር ነህና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሠራተኛህ «ደክሞኛል፣ ነገ ልረፍ» ብላህ ፈቅደህላት ታውቃለህ? «ልጄ አሞታል» ስትልህስ? እኔ ማሽን ላይ ሠርቼ ነው የወጣሁ። የዓመት ፈቃድ ብጠይቅ «አሁን ሥራ በዝቷል፣ በኋላ» ነው መልሱ፤ በኋላ የሚባለው ደግሞ አይመጣም። ማንም ደፍሮ እንቢ የማይለው ፈቃድ ለቅሶ ብቻ ነው። ስለዚህ የደከመው ሁሉ ለቅሶ አለብኝ ይላል። አጎቷን ሁለት ጊዜ የቀበረች ጓደኛ ነበረችኝ። አጎቷ ደኅና ነው፤ እሷ ግን እንቅልፍ ያስፈልጋት ነበር።

ሐረጎ ዳገት፦
ይኸው! ራስሽ መሰከርሽ። ይዋሻሉ ማለት ነው። እኔ ከዚህ የተለየ ምን አልኩ?

ኡሙ ሰሚር፦
ያልኩትን ግማሹን ቆርጠህ አትውሰድ። እውነቱን ስትናገር የምትከለከል ሰው ሌላ ምን ትበል? «አጎቷን ሁለት ጊዜ ቀበረች» የሚለውን ይዘህ ለስብሰባ እንዳትሄድ ደግሞ።

የጦሳ ልጅ፦
ይሄ ነው ዋናው ነገር። ለቅሶ ሰዓቱን አልበላም፤ የተከለከለው ዕረፍት በለቅሶ ስም እየወጣ ነው።

የሒሳብ ሰው፦
ልጆች፣ ሕጉን አስቀምጡና ተነጋገሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አያልፍም፤ እሱም አደጋ ሲደርስ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር ወይም ሳይቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረ ሰው መተካት ሲያስፈልግ እንጂ በየቀኑ አይደለም። በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት አለ። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ለሐዘን ደግሞ 3 የሥራ ቀን ከነደሞዙ የሚሰጠው ለትዳር ጓደኛና እስከ ሁለተኛ ደረጃ ላለ የሥጋም የጋብቻም ዘመድ ነው። ጎረቤት የለበትም፤ የቅሬ አባልም የለበትም። እኛ ወሎዎች ደግሞ ጎረቤት ሞቶ ሥራ ገባን ብንል ነገ የእኛን ሬሳ ማን ያነሳዋል? ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው። ሐረጎም አልተሳሳተም፣ እህታችንም አልተሳሳተችም የምለው ለዚህ ነው።

ቦሩ ሜዳ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ሁልጊዜ ሁለቱንም ወገን ያስታርቃሉ። እዚህ ግን አንዱ ደሞዝ ከፋይ፣ አንዱ ተከፋይ ነው። እኩል አይደሉም።

የሒሳብ ሰው፦
እሺ ልጄ፣ እንግዲያው ወገን ልያዝ። ጆን ፔንካቬል የሚባል የስታንፎርድ ኢኮኖሚስት በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ ጥይትና መሣሪያ የሚሠሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞችን መዝገብ አውጥቶ ነው የመረመረው። በሳምንት እስከ 49 ሰዓት ገደማ ድረስ ሰዓት ሲጨመር ምርቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከዚያ ሲያልፍ የጭማሪው ፍጥነት ይቀንሳል። 70 ሰዓት የሠሩት ያመረቱት 56 ሰዓት ከሠሩት እምብዛም አይለይም። 14 ሰዓት በከንቱ! እሑድ ሳያርፉ የሠሩበት ሳምንትም ምርቱ ተጎድቶ ነው የተገኘው። እንግዲህ ያን ጊዜ እንግሊዝ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ጠግባ አይደለም ይሄን የተማረችው። የእኛ 48 ሰዓት እዚያው ድንበሩ ላይ ነው። 12ቱን ትርፍ ሰዓት በየሳምንቱ ስትደርብበት 60 ይሆናል።

ሐረጎ ዳገት፦
ጋሼ፣ የመቶ ዓመት የጥይት ፋብሪካ አምጥተው በኮምቦልቻ ሸሚዝ ይለኩልኛል?

የጦሳ ልጅ፦
ያኔም ማሽን ላይ የቆመች ሴት ናት፣ አሁንም ማሽን ላይ የተቀመጠች ሴት ናት። ምኑ ነው የተለወጠው፣ ጀርባዋ?

የቃሉ ልጅ፦
ሁላችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። እኔ ኦቨርታይም እንዲቀነስልኝ አልፈልግም! ደሞዙ የቤት ኪራይና ጤፍ አይችልም። ለግል ድርጅት ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ተብሎ አዋጁ ላይ ተጽፏል፤ ወለሉን ግን እስከዛሬ አላየሁትም። በትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከሌሊቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በአንድ ከሰባ አምስት፣ በዕረፍት ቀን በእጥፍ፣ በበዓል በሁለት ተኩል ይታሰብልኛል። ወሩን የምጨርሰው በእሱ ነው። ስለ ሚዛን የምታወሩት ደሞዛችሁ የሚበቃችሁ ናችሁ። ኃላፊው «የጠገበ ወሬ» ሲል እኔ ከመሐላችሁ ያልተናደድኩ ነኝ።

ኡሙ ሰሚር፦
የቃሉ ልጅ፣ አንተ ወንድ ነህ፣ ቤት ስትገባ እራት ይቀርብልሃል። እኔ ከሰርቪስ ወርጄ ውኃ ልቅዳ፣ ልጁን ከጎረቤት ላምጣ፣ ሊጥ ልይ፣ ማታውኑ ዩኒፎርም ልጠብ። ያ ሰዓት የት ተጻፈ? በሰዓቴ ወደ ቤት ብመለስ ሌላ ሥራ ነው የምጀምር እንጂ የምተኛ አይደለሁም። የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከመውለድ በፊት፣ 90 ቀን በኋላ አለ፤ አልሐምዱሊላህ። በ91ኛው ቀንስ? የሦስት ወር ሕፃን ለማን ይሰጣል? እኔ ሥራ የለቀቅኩ ለዚህ ነው፤ ለቅሶ አላስለቀቀኝም።

የቃሉ ልጅ፦
እህቴ፣ አልካድኩሽም። እኔ የምለው ገንዘቡን ሳይጨምሩ ሰዓቱን ቢቀንሱት ቤቴ የባሰ ይጨነቃል ነው። ከፋብሪካ ወጥቼ ሸክም ልሸከም እሄዳለሁ። ያ ዕረፍት ነው?

ቦሩ ሜዳ፦
እሱ ልክ ነው። ግን ዕረፍት ብቻውን ምርት ያመጣል የምትሉም ወደ እኛ ቢሮ ኑ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በሳምንት 39 ሰዓት እየተባለ ነው የኖርነው፤ አርብ ለጁምዓ ከ5፡30 እስከ 7፡30 እንወጣለን፣ ቅዳሜ ነፃ ነው። ታዲያ ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ሳይባል የሚስተናገድበት ቢሮ ስንት ነው? ሰዓት ማጠር ሰውን ትጉ አላደረገም። ሥራው የሚለካበት ነገር ከሌለ ሰው 8 ሰዓትም ቢቀመጥ፣ 6 ሰዓትም ቢቀመጥ ያው ነው።

የጦሳ ልጅ፦
ቢሮና ላይን አታምታታ። ላይን ላይ በሰዓት ስንት ቁራጭ እንደወጣ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። የእናንተን ማን ጽፎት ያውቃል?

የሐይቁ፦
አርብ ከተነሳ አይቀር እኔም ልናገር። ፋብሪካ ውስጥ ምሳ ግማሽ ሰዓት ነው። ጁምዓ መስገድ የሚፈልግ ልጅ መስጊድ ደርሶ መመለስ አይችልም። ቢሮ ሲፈቀድ ፋብሪካ የሚከለከለው ለምንድን ነው?

ሐረጎ ዳገት፦
ከፈቀድንማ ለ21ዱ ማርያምም፣ ለ12ቱ ሚካኤልም እንፍቀድ። ከዚያ ወሩ አለቀ።

የሐይቁ፦
ማን ማርያምን አነሳ? ሰው ከሰው አታናክስ።

ሐረጎ ዳገት፦
እኔ ራሴ የማርያም ማኅበርተኛ ነኝ እኮ! ማናከስ አይደለም፤ ላይኑ ሲቆም የሚጠየቀው እኔ ነኝ ነው የምለው።

ቦሩ ሜዳ፦
ኧረ አብሽሩ፣ ወሎ ላይ ይሄ ነገር ከባድ ሆኖ አያውቅም። ድሮ እኛ ሰፈር ጤና ጣቢያ ላይ ዒድ ሲሆን ክርስቲያኖቹ ተረኛ ይገባሉ፣ ፋሲካ ሲሆን ሙስሊሞቹ ይገባሉ። ማንም አዋጅ አላወጣላቸውም። ፋብሪካውም ሺፍት መለዋወጥን ለሠራተኛው ቢተውለት አርቡም ማርያሙም ይታለፋል። ግን ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ሰው እርስ በርሱ ሲስማማ አይወድም፤ በእሱ በኩል ካላለፈ ፈቃድ አይመስለውም።

ሐረጎ ዳገት፦
መለዋወጥ የሚቻለው የሚተካው ሰው ያንኑ ማሽን ከቻለ ነው። ኮሌታ የምትሰፋን ሴት ቁልፍ በሚተክል ልጅ አትተካትም። ሁለት ሦስት ዓይነት ሥራ የሚችል ሰው ደግሞ ጥቂት ነው፤ አሠልጥነነው ሳይከርም ይሄዳል።

የሒሳብ ሰው፦
ልጄ፣ አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣህ። ይሄዳል አልክ። ብላትማንና ዴርኮን የሚባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ድርጅቶች ላይ ያጠኑትን በ2018 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሥራ ካመለከቱት መካከል በዕጣ ያስቀጠሯቸውን ተከታተሉ። በመጀመሪያው ወር ሲሶው ለቀቀ። በዓመቱ ከ4 ሰው 3ቱ ገደማ ወጥቷል። ደሞዙ ከቀን ሥራና ከጉልት ብዙም አልተሻለም፣ ሰዓቱ ረዘመ፣ ጤናም ተጎዳ። አሁን አንተ ቁጭ ብለህ አስላ፦ አንድ ኦፕሬተር እስክትለምድ የምታበላሸው ጨርቅ፣ ከጎኗ ቆሞ የሚያሳያት ሰው ጊዜ፣ ተመላሽ የሚሆነው ሥራ። ይሄ ሁሉ ለሠልስት ከሚሄድ ቀን ጋር ይወዳደራል?

የቃሉ ልጅ፦
«ደሞዙ ብዙም አልተሻለም» የሚለውን ግን አትለፉት ጋሼ። እኔ ያልኩት እሱን ነው።

የሒሳብ ሰው፦
አላለፍኩትም። ደሞዙም ሰዓቱም ነው። የአንተ ኦቨርታይም የደሞዝህን ጉድለት ነው የሚሸፍነው፤ በመደበኛው 48 ሰዓት የምትኖርበት ደሞዝ ቢከፈልህ ለትርፍ ሰዓት ትለምን ነበር? በዚያ ላይ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጡት አለ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ብቻ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ በመሥራት በስትሮክና በልብ ሕመም የሞተው 745,000 ሰው ተብሎ ተገምቷል። ለ60 ሰዓት በደስታ አትፈርም።

የቃሉ ልጅ፦
በደስታ ማን ፈረመ።

ሐረጎ ዳገት፦
ቆይ፣ እናንተ ደሴ ፒያሳ ቡና ይዛችሁ ነው የምትጽፉት። እኔ በጉም ሐረጎን ወርጄ ሌሊት የምገባ ሰው ነኝ። እኔም ሠራተኛ ነኝ፤ ታርጌቱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ከላይ ይወርድብኛል፣ ወደ ታች አወርደዋለሁ። የእኔን ሚዛን ማን ጠየቀ?

የጦሳ ልጅ፦
ደሴ ስለኖርን ነው የማናውቀው? የእኔ እህት በዚያው ሰርቪስ አይደል የምትመላለሰው! ለአንተ አዝናለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ከላይ የሚወርድብህን ለላይኞቹ ንገራቸው እንጂ ለቅሶ ላይ አትለጥፍ።

ኡሙ ሰሚር፦
ሐረጎ፣ ወንድሜ፣ ያልከው ገብቶኛል፤ አንተንም ጨርሰውሃል። ታዲያ ከእኛ ጋ ሁን። የዓመት ፈቃዱን በተራ አውጣላቸው፣ ማን መቼ እንደሚያርፍ በወሩ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ለጥፈው። የሚያርፍበትን ቀን የሚያውቅ ሰው አጎቱን አይገድልም። ለጎረቤት ቀብር ግማሽ ቀን ስጥና በሌላ ቀን አካክስ። ይሄ ከአንተ ሥልጣን በላይ ነው?

ሐረጎ ዳገት፦
መለጠፉ ይቻል ይሆናል። ግማሽ ቀኑ ግን አይሆንም። ለአንዷ ከሰጠሁ ሃያው ይሰለፋል።

ኡሙ ሰሚር፦
ሃያው ጎረቤት በአንድ ቀን አይሞትም።

ሐረጎ ዳገት፦
ወሎን አታውቂውም እንዴ? አንድ ሰው ሲሞት ሃያው ሁሉ ጎረቤቱ ነው።

የሐይቁ፦
የአርቡን ጥያቄዬን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

የጦሳ ልጅ፦
የሐይቁ፣ ትክክል ነህ፣ እንመለስበታለን። ሐረጎ፣ ከመውጣትህ በፊት አንድ ቁጥር ስጠን። ካለፈው መስከረም ወዲህ በለቅሶ ከላይንህ የቀረው ስንት ሰው ነው፣ ጨርሶ ለቅቆ የሄደውስ ስንት ነው? ሁለቱንም ታውቃለህ፤ መዝገቡን የምትይዘው አንተ ነህ።

ሐረጎ ዳገት፦
የድርጅት መረጃ ነው፣ እዚህ አልጽፍም።

የጦሳ ልጅ፦
የለቅሶው ቁጥር ሲሆን በስብሰባ ይነገራል፣ የለቀቀው ሲሆን የድርጅት ምስጢር ይሆናል?