ከጨጓራ ቅነሳ ቀዶ ሕክምና ሰባት ወር በኋላ ኪሎዬ ቆሟል፤ ወደ ፈሳሽ ምግብ ልመለስ?

ጥያቄ፦ የሐይቅ ዳር መምህርት

እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ የ43 ዓመት መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሰባት ወር በፊት አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል በተለምዶ «ስሊቭ» የሚባለውን የጨጓራ ቅነሳ ቀዶ ሕክምና አድርጌያለሁ። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባሁት 128 ኪሎ ሆኜ ነው፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ63 ነው። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ነበሩብኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የመማሪያ ክፍል ስወጣ ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ የዕለቱን ቀን በዝግታ መጻፍ ልማዴ ነበር፤ ተማሪዎቼም ምክንያቱን ሳያውቁት አልቀሩም።

ዛሬ ጠዋት 94 ኪሎ ነኝ። የስኳሩ እንክብል በሐኪም ትእዛዝ ቆሞልኛል፣ የግፊቱ መድኃኒትም መጠኑ ተቀንሷል፣ ደረጃውንም ሳላርፍ እወጣለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥያቄዬ ምስጋና ቢስ እንዳያስመስለኝ ነው። ካለፉት ስድስት ሳምንታት ወዲህ ሚዛኑ ከ94 ፈቀቅ አላለም፤ ግማሽ ኪሎ ይወርድና በሁለተኛው ቀን ይመለሳል። ጸጉሬም ከአራተኛው ወር ጀምሮ በማበጠሪያ እየተጠቀለለ ይወጣል።

ውጭ አገር የምትኖርና ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ያደረገች ዘመዴ፣ ለአንድ ሳምንት ፈሳሽ ብቻ ብወስድ ጨጓራዬ እንደ መጀመሪያው ሰሞን ተመልሶ እንደሚጠብና ኪሎውም እንደገና መውረድ እንደሚጀምር ነግራኛለች። ዐቢይ ጾም እየተቃረበ ስለሆነ ከዚያ በፊት ልሞክረው አስቤያለሁ። ያደረገው ሰው አለ? ጾሙንስ እንዴት አለፋችሁት?

ከዚህ ሌላ የሚያደክመኝ የሰው ነገር ነው። እኛ ዘንድ የወፈረ ሰው «ተስማማህ» ይባላል፤ የከሳ ሰው ግን «ምን ነካህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ቀዶ ሕክምናውን የነገርኩት ለባለቤቴ፣ ለእናቴና ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ብቻ ስለሆነ በየለቅሶ ቤቱ የሚያገኙኝ ሰዎች ዓይናቸው ሌላ በሽታ ሲፈልግብኝ ይታወቀኛል። እናቴ ደግሞ ምክንያቱን እያወቀች «ፊትሽ ደም የለውም» ብላ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የቡላ አጥሚት በፔርሙዝ ሞልታ በባጃጅ ትልክልኛለች። እሷን ላለማስቀየም እጠጣዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ያለ ምንም ችግር የሚወርድልኝም እሱ ነው።

መልስ፦ ነርስ ከመናኸሪያ

መምህርት፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና የማውቀውን ያህል ልጻፍልዎ፤ የመጨረሻው ቃል ግን ያከመዎት ሐኪም ነው።

በመጀመሪያ የራስዎን ቁጥር በደንብ ይመልከቱት። ከ128 ወደ 94 ሲወርዱ 34 ኪሎ ቀንሰዋል፤ ይህም ከመነሻ ክብደትዎ ከ26 በመቶ በላይ ነው። ስሊቭ ያደረጉ ሰዎች በአንድ ዓመትና በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ በአማካይ የሚቀንሱት ከመነሻቸው ሩብ ያህሉን ነው፤ ከዚያ የሚያልፉም አሉ። እንግዲህ እርስዎ ሌላው በዓመት የሚሄደውን መንገድ በሰባት ወር ሄደውታል። 94 ኪሎ የሆነ ሰውነት ደግሞ 128 ኪሎ የነበረው የሚያቃጥለውን ያህል ጉልበት አያቃጥልም፤ ስለዚህ በሦስተኛው ወር ያከሳዎት ምግብ ዛሬ ባሉበት ሊያቆምዎት ይችላል። መቆሙ የሚጠበቅ ነው፤ ስድስት ሳምንት መቆሙ ግን ምን እየተበላና ምን እየተጠጣ እንደሆነ ለመመርመር በቂ ምክንያት ነው።

የፈሳሹን ሳምንት አያድርጉት። በስሊቭ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ወጥቷል፤ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨውም ከዚያው ከተቆረጠው ክፍል ነበር። የቀረው ቀጭን ቱቦ ከጊዜ ጋር በመጠኑ ሊላላ ይችላል እንጂ ሾርባ በመጠጣት የሚጠብ አይደለም። በሳምንቱ መጨረሻ ሚዛኑ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ቀንሶ ሊያሳይዎት ይችላል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ውሃ፣ ከፊሉም ጡንቻ ይሆናል፤ ውሃው እንጀራ በቀመሱ ማግስት ይመለሳል፤ ጡንቻው ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ከጽሑፍዎ ውስጥ ያስደነገጠኝ ግን የቆመው ኪሎ ሳይሆን ፔርሙዙ ነው። አዲሱ ጨጓራዎ ሊያግድዎት የሚችለው ጠጣር ምግብን ነው፤ አሳ ወይም ሥጋ ሁለት ሦስት ጉርሻ ሲሆን ደረትዎ ላይ ይሞላና «በቃ» ይላል። አጥሚት፣ ጁስና ስኳር ያለው ማኪያቶ ግን ማንም ሳያስቆማቸው ያልፋሉ። ቡላ ከእንሰት ተጨምቆ የሚወጣ ስታርች ነው፤ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። እናትዎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማርና አንድ ማንኪያ ቅቤ ቢጨምሩበት ቡላው ሳይቆጠር ከ200 ካሎሪ በላይ ይሆናል። ለአራስ የተባረከ ምግብ ነው፤ ለእርስዎ ግን ያሠሩትን በር በጓሮ የሚያልፍ ነው።

የጸጉርዎ ነገር ብዙም አያስጨንቅዎ። ከትልቅ ቀዶ ሕክምናና ከፈጣን ክብደት መቀነስ በኋላ ብዙው ጸጉር በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ደረጃ ስለሚገባ በሦስተኛው ወር ገደማ መርገፍ ይጀምራል፤ ሥሩ ስላልሞተ ከወራት በኋላ ይመለሳል። የፕሮቲን፣ የብረት ወይም የዚንክ እጥረት ካለ ግን ይራዘማል። ስለዚህ የደም ቁጥርዎን፣ የብረት ክምችትዎን፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቫይታሚን ዲና ፎሌት ያስመርምሩ፤ የስድስተኛው ወር ምርመራ ካመለጠዎት አሁን ጊዜው ነው። የብረት እንክብል ከወሰዱ ከካልሲየሙ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ያርቁት፤ ከቡናና ከሻይ ጋርም አያገናኙት። ፕሮቲን በቀን ከ60 ግራም እንዳያንስ፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ብቻ እንደሚሰጥ ካሰቡት ቀላል ሥራ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ማስመለስ ለቀናት ከቀጠለ፣ በተለይም እግር መደንዘዝ፣ መንገዳገድ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ከተጨመረበት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ነርቭን በቶሎ ይጎዳል።

መልስ፦ ባለ ባይፓሱ

እህቴ፣ እኔ ያደረግኩት ስሊቭ ሳይሆን ባይፓስ፣ ማለትም ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር በአቋራጭ የሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና ነው፤ አራት ዓመት ሆነኝ። ከ141 ወደ 89 ወርጄ ነበር፤ ዛሬ 97 ነኝ። ስምንቱ ኪሎ እንዴት እንደተመለሰ ብነግርዎ ሳይጠቅምዎ አይቀርም።

ባይፓስ ያደረገ ሰው ጣፋጭ ሲቀምስ የሚያገኘውን ቅጣት በመጀመሪያው ዓመት በእህቴ ልጅ ምርቃት ላይ አየሁት። አንድ ቁራሽ ኬክ በላሁ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ ይመታ ጀመር፣ ሸሚዜ በላብ ራሰ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተኝቼ ፎቶ የሚነሳ ሰው እንዳያየኝ እጸልይ ነበር። ምግቡ ወደ አንጀት በፍጥነት ሲወርድ የሚመጣ ነገር ነው። ያ ፍርሃት ሁለት ዓመት ጠበቀኝ። በሦስተኛው ዓመት ግን በጥቂት በጥቂቱ ከሆነ ምንም እንደማያደርገኝ ደረስኩበት፤ ሥራዬ መኪና መንዳት ስለሆነ ጋቢና ውስጥ ቆሎና ለውዝ ይዤ ከሐዋሳ እስከ ሻሸመኔ፣ ከሻሸመኔ እስከ ዝዋይ እዘግን ጀመር። ጠግቤ አላውቅም፤ መብላትም አቁሜ አላውቅም። የተመለሰውን ኪሎ ያመጣው ትልቅ ገበታ ሳይሆን ያ ዝገና ነው።

ነርሷ በጻፉት ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔ ግን ስለ መመዘን አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው በየቀኑ መመዘን ያሳብዳል ይላል። እኔ መመዘን ባቆምኩባቸው አምስት ወራት ነው አምስት ኪሎ የጨመርኩት፤ ስለዚህ አሁን በየጠዋቱ እመዘናለሁ፤ የማምነው ግን የሳምንቱን አማካይ ብቻ ነው።

ባይፓስ ያለው ሰው ይህን ካነበበ ደግሞ፦ ለጉልበቴ ሕመም ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ በራሴ ፈቃድ ገዝቼ ስውጥ ሰነበትኩ፤ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረና ሆስፒታል ገባሁ፤ ቁስለት ነበር። ባይፓስ ላለው ሰው ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም የተከለከሉ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሜ የፈቀደልኝ ፓራሲታሞል ነው።

ስለ ሰው ወሬ ምክር የለኝም። እኔ ለሁሉም ተናገርኩና ተገላገልኩ፤ አሁን የማውቀው የማላውቀው ሁሉ ምን ያህል እንደምበላ ሰሃኔን ያያል። ያም የራሱ ጣጣ አለው።

መልስ፦ እንግዳ

ሐይቁ ዳር ጠዋት ጠዋት በነጻ መሮጥ እየተቻለ ሆድን ማስቆረጥ ለምን ያስፈልጋል? ለማስቀየም ሳይሆን በቅንነት ነው የምጠይቀው።

መልስ፦ ባለ ባይፓሱ

ወንድሜ፣ 141 ኪሎ ሆነህ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል ሩጥና እንነጋገራለን። እኔ ሦስት ጊዜ ከ15 ኪሎ በላይ ቀንሼ ሦስቱንም ጊዜ ከነወለዱ መልሻለሁ። ሰውነት የቀነሰውን ለመመለስ ረሃብን ያበረታል፤ ቀዶ ሕክምናው የሚያግዘው እዚያ ላይ ነው።

መልስ፦ የምግቡ ኃላፊ

ባለቤቴ ስሊቭ ካደረገች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ወጥ የምሠራው እኔ ስለሆንኩ በማውቀው ልመልስ።

ጾምን በተመለከተ፣ ባለፈው ዓመት 55ቱን ቀን ጾማለች፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን የንስሐ አባቷ ሁኔታዋን ሰምተው ስላልፈቀዱላት አልጾመችም። መምህርትም ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ሰባተኛ ወር ገና ነው። እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ በአንድ ቀን ሲወጡ ፕሮቲኑ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። እኛ ሽሮውን ውሃ አሳንሰን፣ በማንኪያ የሚቆም አድርገን እንሠራለን፤ እንደ ድሮው የቀጠነ ሽሮ ለእሷ መጠጥ ነው። ምስር 100 ግራም የበሰለው 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ምስሩን በማንኪያ ትበላለች፣ እንጀራው ከተረፈ ቦታ ይገባል። እንጀራ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደረቷ ላይ እንደ ሊጥ ይቆምባት ነበር፤ አሁን የመዳፏን ያህል ትቀምሳለች።

አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። በፍስክ ግን ሐዋሳ ለሚኖር ሰው ቆሮሶን የመሰለ ነገር የለም፤ 100 ግራም ጥሬው 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ለስላሳ ስለሆነም አያንቅም። በዱቄት ተለውሶ በዘይት የተጠበሰውን ሳይሆን በቲማቲምና በሽንኩርት የበሰለውን ማለቴ ነው።

ለእኛ ከምግቡ ይልቅ የከበደን ቡናው ነበር። ምሳ እንዳለቀ አቦሉ ይቀርባል፤ እሷ ደግሞ ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት ምንም መጠጣት የለባትም። አሁን በቤታችን ከሰል የሚቀጣጠለው ምሳ ተበልቶ ሰሃኑ ከታጠበ በኋላ ነው፤ ጎረቤቶቻችንም ለምደውታል። ጉርሻን በተመለከተ «አንድ ያጣላል» ሲሏት የመጀመሪያዋን የጤፍ ፍሬ የምታህል አድርገው እንዲጠቀልሉላት ትለምናለች፤ ሁለተኛዋን ለእኔ ታስተላልፋለች። በእሷ ቀዶ ሕክምና ስድስት ኪሎ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

መልስ፦ የሐይቅ ዳር መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፈሳሹን ሳምንት ትቼዋለሁ።

ነርሷ ያሉኝን ለማጣራት ሦስት ቀን ሙሉ አፌ የገባውን ሁሉ በተማሪዎች የውጤት መመዝገቢያ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ጠጣሩ ምግብ እንዳሰብኩት ትንሽ ነው። የተጠጣው ግን በቀን ሁለት ትልቅ ስኒ አጥሚት፣ በመምህራን ክበብ ሁለት ማኪያቶ በየሁለት ማንኪያ ስኳር፣ አንደኛው ቀን ላይ ደግሞ ባልደረባዬ የጋበዘችኝ የአቮካዶ ጁስ ሆኖ ተገኘ። ፕሮቲኑ ተደምሮ አንዱንም ቀን 40 ግራም አልደረሰም። የሂሳብ መምህርት ሆኜ ይህን ሰባት ወር ሳልደምረው መቅረቴ አሳፍሮኛል። የደም ምርመራውን ማክሰኞ እሰጣለሁ፤ የጾሙንም ነገር በውጤቱ መሠረት እወስናለሁ።

እናቴን ግን መከልከል አልሆነልኝም፤ እናት «አትላኪልኝ» ስትባል «አትውደጂኝ» የተባለች ያህል ነው የምትሰማው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ወስጃት ቆሮሶ አብረን ገዛንና ሐኪሙ ያዘዘልኝ የአሳው ሥጋ በብዛት ያለበት ወፍራም ሾርባ እንደሆነ፣ እንደ እሷ አድርጎ የሚሠራው ሰው እንደሌለ ነገርኳት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ያው ባጃጅ ያንኑ ፔርሙዝ ይዞ መጣ፤ ክዳኑን ስከፍተው አሳ አሳ ሸተተኝ። በላዩ ላይ ግን ቅቤ ጣል አድርጋበታለች፤ እሱን በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገርበታለን።