የብላው የኢትዮጵያ ካርታ፦ እውነተኛ መሆኑ በምን ይለያል? አባይስ ለምን ከምድር ወገብ በታች ይነሣል?

ካርታ ፈላጊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በ17ኛው መቶ ዓመት አምስተርዳም ላይ በብላው ማተሚያ ቤት የታተመው፣ አርእስቱ በላቲን «ኤትዮፒያ ሱፐሪዮር ቬል ኢንቴሪዮር» ብሎ የሚጀምረው ካርታ ለሽያጭ ቀርቧል። ሻጩ «1662» ይላል፣ ፊቱ ላይ ግን ዓመት አልተጻፈም። ዘመናዊ ቅጂ አለመሆኑ በምን ይታወቃል? 1662 የሚለውስ ከየት መጣ? ሌላው ግራ የሚያጋባው ነገር፣ የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ የአባይን ምንጭ ግሽ አባይን ያየው በ1618 ነው። ከ44 ዓመት በኋላ የወጣ ካርታ እንዴት አባይን ከምድር ወገብ በስተደቡብ ካሉ ሁለት ሐይቆች ያስነሣል? (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ባለ መዳብ፦

ሻጩ የሚለውን ለጊዜው ይተዉትና ከወረቀቱ ይጀምሩ። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር አንድ የባሕር ዳርቻ መስመር ይመልከቱ። መስመሩ ከትናንሽ ባለቀለም ነጥቦች የተሠራ ከሆነ ኦፍሴት፣ ማለትም ዘመናዊ የማሽን ኅትመት ነው፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። የመዳብ ቅርጽ ከሆነ ግን መስመሩ ሳይቆራረጥ ይሄድና መቅረጫው ከመዳቡ በወጣበት ጫፍ ላይ እንደ መርፌ ይሾላል። መብራቱን ከጎን ሲያደርጉት ቀለሙ ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል።

እንዲህ የሚሆነው በአሠራሩ ነው። ቀራጩ ካርታውን ግራና ቀኙን ገልብጦ በመዳቡ ላይ ይቀርጸዋል። አታሚው መዳቡን ያሞቅና ከተልባ ዘይትና ከጥቀርሻ የተሠራ ቀለም ይቀባዋል፤ ከዚያ ፊቱን በጨርቅ፣ መጨረሻ ላይ በመዳፉ ይጠርገዋል። ቀለም የሚቀረው በተቀረጹት ቦዮች ውስጥ ብቻ ነው። የረጠበ ወረቀት ከላይ አድርጎ በሁለት ጥቅልሎች መካከል ሲያሳልፈው ወረቀቱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። የመዳቡ ጠርዝም በሥዕሉ ዙሪያ የተረገጠ ምልክት ይተዋል። ይህ ምልክት መኖሩ ደግ ነው፣ ግን ብቻውን አይታመንም፤ ጥሩ ቅጂ የሚያዘጋጁ ሰዎች በባዶ ሰሌዳ ይረግጡታል።

ቀጥሎ ወረቀቱን ወደ መስኮት ብርሃን ያንሡት። የዘመኑ ወረቀት ከተቀጠቀጠ የበፍታ ጨርቅ በሽቦ ወንፊት ላይ ይሠራ ስለነበር፣ ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን መስመሮችና እነሱን የሚያቋርጡ፣ ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ. የሚራራቁ ወፈር ያሉ መስመሮች ይታያሉ። ከአትላስ የወጣ ስለሆነ መሐሉ ላይ እጥፋት ይኖረዋል። አረንጓዴ የተቀባውን ቦታ ገልብጠው ይዩ። የዚያን ጊዜ አረንጓዴ ከመዳብ ዝገት ስለሚሠራ ወረቀቱን እየበላ ጀርባውን ያጠይመዋል፣ ሲብስም ይሰነጥቀዋል። አረንጓዴው ደማቅ፣ ጀርባው ንጹሕ ከሆነ ቀለሙ በኋላ ዘመን የተቀባ ሊሆን ይችላል። ይህ ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ ካርታውን ሐሰተኛ አያደርገውም።

በሚሊ ሜትር ለክተው «ልኩ አይገጥምም» የሚሉ አሉ፤ አይስሟቸው። ረጥቦ የታተመ ወረቀት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ከአንድ መዳብ የወጡ ሁለት ቅጠሎችም እኩል አይሆኑም።

ወደ ዓመቱ ስንመጣ፣ መዳቡ አትላስ ውስጥ የገባው በ1635 ነው፤ ከዚያ በላቲን፣ በደች፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በስፓኒሽ አትላሶች ሲታተም ኖረ። የፊቱ ሥዕል ያው ስለሆነ ዓመቱን የሚናገረው ጀርባው ነው፦ የጽሑፉ ቋንቋ፣ የገጹ ቁጥር፣ ከግርጌ ያለችው፣ ገጾቹ በተራ እንዲጠረዙ የምትመራው የጥራዝ ፊደል። እነዚህን ፎቶ ያስነሡና ኩማን የተባለው ሊቅ ካዘጋጀው የደች አትላሶች ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። ሻጩ የጀርባውን ፎቶ አልልክም ካለ ገንዘብዎን ይያዙ።

ጣና ዳር፦

ስለ አባይ እኔ ልመልስ። ካርታው ላይ ሦስት ዕድሜ አለ፦ የወረቀቱ፣ የመዳቡና የወሬው። ወረቀቱ የ1662 ቢሆን እንኳ መዳቡ የ1635 ነው፣ ወሬው ደግሞ ከዚያም የቆየ።

ፓኤዝ ያየውን በእጅ ጽፎ ነው የሞተው፤ መጽሐፉ በሙሉ የታተመው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ማኑኤል ደ አልሜይዳ ኬክሮስ እየለካ ጥሩ ካርታ ሠራ፣ ያም ቢሆን አደባባይ የወጣው በ1660 ኮይምብራ ላይ በታተመው በባልታዛር ቴሌስ መጽሐፍ ነው። ያኔ የብላው መዳብ 25 ዓመቱ ነበር። በመዳብ ላይ ትንሽ ስሕተት ይታረማል፦ ይፋቃል፣ ከጀርባ በመዶሻ ተመትቶ ይነሣል፣ ተወልውሎ እንደገና ይቀረጻል። የአባይን ምንጭ ከምድር ወገብ ማዶ አንሥቶ ወደ ጎጃም ማምጣት ግን አዲስ መዳብ መቅረጽ ነው። ሻጩ ያለው 1662 የወጣበትን፣ ያንን 11 ጥራዝ የላቲን አትላስ በወርቅ አስጊጦ ለሚሸጥ ነጋዴ ያ ወጪ ትርፍ አልነበረውም።

የወሬው ምንጭ ሁለት ነው። አንደኛው በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የጂኦግራፊ ሊቅ በጥሊሞስ ነው፤ አባይን ከጨረቃ ተራሮች በሚወርድ ውሃ ከሚሞሉ ሁለት ሐይቆች አስነሣው። ካርታዎቹ ላይ «ዛይሬ» እና «ዛፍላን» ተብለው የቀሩት እነዚያ ናቸው። ሁለተኛው ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ሀገራችን የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው፤ መጽሐፉ በ1540 ታተመ። እሱ መንገድ የሚቆጥረው በአብዛኛው በቀን ጉዞ ነው። ዳገትና ቁልቁለት የበላውን ቀን ካርታ ሠሪዎቹ እንደ ሜዳ መንገድ ቀጥ አድርገው ዘረጉት። የአልቫሬዝ ኢትዮጵያ ከበጥሊሞስ ሐይቆች ጋር እንድትገናኝ ደግሞ ወደ ደቡብ ተሳበች። የአንትወርፑ ካርታ ሠሪ ኦርቴሊየስ በ1573 ያወጣው ካርታ ላይ የነገሥታቱ ልጆች የሚጠበቁበት «አማራ» ተራራ ወደ ምድር ወገብ ተጠግቶ ያገኙታል። ያ ተራራ አምባ ግሸን ነው፣ ቦታውም 11 ዲግሪ ከግማሽ ሰሜን ግድም።

ነገሩን የቀየረው ጀርመናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ሉዶልፍ ነው። በ1652 ጎታ ከተማ ከኢትዮጵያዊው መነኩሴ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተቀምጦ የሀገሩን ነገር ከራሱ አንደበት ሰማ፤ በ1683 ከልጁ ጋር ያወጣው ካርታ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን የሚዞረውን አባይ ያሳያል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሐይቆቹን ዝም ብለው የሚደግሙ አልጠፉም።

ካርታ ፈላጊ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ስሞቹን ግን እንዴት ላንብባቸው? ግማሹ አይገባኝም።

ፊደል ቆጣሪ፦

የፖርቱጋል ጆሮ የሰማው ነው፣ ስለዚህ በእንግሊዝኛ አያንብቡት። በፖርቱጋልኛ አጻጻፍ ኤክስ የምትባለው ፊደል «ሽ» ናት፤ በኤክስ ጀምሮ «ኦአ» ብሎ የሚያልቀው ስም ሸዋ ነው። «ጎያሜ» ጎጃም ነው፣ በላቲን አይ እና ጄ አንድ ፊደል ስለነበሩ። «ባጋሚድሪ» በጌምድር፣ «አንጎቴ» አንጎት፣ «ፋቲጋር» ፈጠጋር። «ባርናጋሶ» ባሕር ነጋሽ፣ «ትግረማኦን» ደግሞ ትግሬ መኮንን ነው፤ ሁለቱ የሹመት ስም ናቸው፣ ካርታ ሠሪዎቹ ግን ግዛት አደረጓቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ዳሞትን ከአባይ በስተደቡብ ቢያገኙት «ተሳሳቱ» ለማለት አይቸኩሉ። በአልቫሬዝ ዘመን ዳሞት በእርግጥም ከአባይ ማዶ ነበር፤ ስሙ ወደ ጎጃም የተሻገረው በኋላ ነው።

ባለ መዳብ፦

ኬንትሮሱንም ከዛሬው ጋር እንዳያምታቱት። የዚያን ጊዜ ካርታዎች ከግሪኒች አይቆጥሩም፤ አንዱ ከካናሪ ደሴቶች፣ ሌላው ከአዞረስ ይጀምራል። ከካናሪዋ ፌሮ ለሚጀምር 17 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ይቀንሱ።

ኦርቴሊየስ ስለተነሣም፣ ያንን የ1573 ካርታ «1570» ብሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎ ይጠይቁት። በ1570 አንትወርፕ የወጣው የአትላሱ የመጀመሪያ እትም 53 ካርታ ነበረው፣ ኢትዮጵያን ለብቻዋ የሚያሳየው ግን አልነበረበትም። የገባው ከሦስት ዓመት በኋላ በተጨማሪው ነው።